ማጥለያው ይይዘዋል

በእህቴ ደም ሥር ውስጥ የገባው ማጥለያ አልተበላሸም። የተሰጠውን ሥራ በትክክል ሠርቷል። የተበላሸው ስለ ማጥለያው የተነገረው ነገር ነው፤ የተናገርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ዊና በኦፕራሲዮን በወለደች በሦስተኛው ቀን ግራ እግሯ አበጠ። ደም ረግቶበት ነበር። እንዲህ ሲሆን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይሰጣል፤ እሷ ግን በወሊዱ ብዙ ደም ፈስሷት ስለነበር ቁስሏ እንደገና እንዳይደማ ፈሩ። ስለዚህ በአንገቷ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ ከእግር ወደ ልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ሥር ውስጥ፣ ከእምብርቷ ከፍ ብሎ፣ ትንሽ የሽቦ ማጥለያ አስቀመጡ። የረጋው ደም ከእግሯ ተነቅሎ ቢሄድ እዚያ ይያዛል፤ ሳንባዋ ደርሶ አይገድላትም። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ሃያ ደቂቃ ያህል ወስዶ አስረዳን። ማጥለያው ጊዜያዊ እንደሆነ፣ ቁስሉ ሲደርቅ መርፌው እንደሚጀመር፣ መርፌው ከሌለ ማጥለያው ራሱ ደም ሊያረጋ እንደሚችል፣ በስድስተኛው ሳምንት ተመልሳ ስትመጣ እንደሚያወጡላት ነገረን። የዊና አማት እማማ ሮኪያህ ያለቅሱ ነበር። ዊናም ታለቅስ ነበር። እኔ ስምንት ሰዓት ላይ ስብሰባ ነበረኝ። ሐኪሙ ሲወጣ ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው «ምን አለ?» አሉኝ፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት እኔ ብቻ ነኝና። «የሻይ ማጥለያ ታውቃላችሁ አይደል? እንደሱ በሉት። ቅጠሉ ይቀራል፣ ሻዩ ያልፋል። ከእንግዲህ ወደ ሳንባዋ የሚያልፍ ነገር የለም» አልኩ። ለቅሶው ቆመ። ስለ መርፌውም ተናግሬያለሁ። ግን የተናገርኩት ቦርሳዬን አንግቼ፣ በር ላይ ቆሜ ነው።

ዛሬ ሠላሳ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ትናንት ማታ በስልክ ድምፅ ልካልኝ ነበር፤ ስትመጪ ሰፊ ነጠላ ጫማ ግዢልኝ፣ ቁጥሩ አርባ አንድ ይሁን ትላለች። ዊና የምታደርገው ሠላሳ ሰባት ነው። መልእክቱን ሁለት ጊዜ ሰማሁት። የታመመው እግር አንድ ነበር፤ እሷ የጠየቀችኝ ግን ጥንድ ጫማ ነው። ጠዋት ለመሥሪያ ቤት አሞኛል ብዬ ጻፍኩና ከባቡር ጣቢያው ሥር ካለው ሱቅ በአሥራ አምስት ሪንጊት ወንዶች የሚያደርጉትን ጥቁር ነጠላ ጫማ ገዝቼ አማቷ ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ ወደ ፓንዳን ሄድኩ።

እማማ ሮኪያህ የሚኖሩት በአሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ የሚሠራው ግን እስከ ዘጠነኛ ድረስ ነው። ሦስቱን ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። በራቸው ላይ ከተደረደሩት ጫማዎች መካከል ተረከዙ የተበላ የላስቲክ ጫማ ነበር፤ የወገሻዋ የእማማ ካልሶም መሆኑን አወቅሁ። ወገሻዋን የቀጠርኩት እኔ ነኝ። ለአራስ ጥየቃ ምን ይዤ ልሂድ ብዬ ለማሰብ ጊዜ ስላልነበረኝ፣ ገንዘቡን በስልክ ልኬ የሰባት ቀን እሽት ገዛሁላት። ከዚያም ወደዱትና በራሳቸው ቀጠሉበት። በሠላሳ ሦስት ቀን ውስጥ እኔ የመጣሁት ሁለት ጊዜ ነው፤ ወገሻዋ ከእኔ ይልቅ እህቴን ታውቃታለች።

ቤቱ ታፍኗል። መስኮቶቹ ተዘግተው በጠርዛቸው ጨርቅ ተወትፎባቸዋል፤ ማራገቢያው እንዳይነካ ገመዱ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ታስሯል። አራስ አርባ አራት ቀን ብርድ አይመታትም፤ ቀዝቃዛ አትጠጣም፤ ከደጃፍ አትወጣም። በቀን የሚፈቀድላት ሁለት ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ነው፤ ሌላው ሁሉ ቁንዶ በርበሬ የበዛበት የዓሣ መረቅ ነው። የዝንጅብልና የዘይት ሽታ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ዊና ሳሎን ወለሉ ላይ ስስ ፍራሽ ተዘርግቶላት በጀርባዋ ተኝታለች፤ እግሮቿ ተገጥመው ተዘርግተዋል፤ ከደረቷ ሥር እስከ ዳሌዋ ድረስ አሥራ አንድ ሜትር በሚሆን ነጭ ጨርቅ ጥብቅ ተደርጋ ተጠቅልላለች። ጨርቁ የእናታችን ነበር። እኔን ስትወልድም እሷን ስትወልድም በሱ ነው የታሰረችው። እናታችን ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነው፤ ለዚህ ነው ዊና አማቷ ቤት የምትታረሰው። እማማ ካልሶም ተንበርክከው ከቁርጭምጭሚቷ ወደ ላይ ያሻሉ።

«ዶክተሯ መጣች» አሉ በሽሙጥ፣ ቀና ሳይሉ። «በሩን ዝጊው እንጂ። ነፋስ ይገባባታል።»

ዘጋሁት። «እግሯን ምን እያደረጓት ነው?»

«ውሃውን ወደ ላይ እየመለስኩት ነዋ። ነገ ሲወርድ ታያለሽ።»

«እጅዎን ያንሱልኝ እስቲ።»

«ስንት ዓመት ነው የተማርሽው አንቺ?»

«አራት።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት አራስ አሽቻለሁ» አሉና በእጃቸው የቀረውን ዘይት ቀስ ብለው በጉልበታቸው ላይ ጠረጉ። ግን አነሱ።

የተሸፈነችበትን ሽርጥ ገለጥኩት። ያበጡት ሁለቱም ናቸው። ከጣቶቿ እስከ ጭኗ ሥር ድረስ ቆዳዋ ተወጥሮ ያብረቀርቃል፤ ቀለሙ የበሰለ ሽንኩርት ልጣጭ ይመስላል። ቅልጥሟ ላይ አውራ ጣቴን ጫን አድርጌ አነሳሁት፤ የጣቴ ጉድጓድ እዚያው ቀረ። ዊና ጉድጓዱን ከእኔ ጋር ታየው ነበር። «አያምም እኮ» አለች፤ «ከባድ ነው እንጂ። የሰው እግር የተሸከምኩ ነው የሚመስለኝ። ጫማውን አመጣሽልኝ?» ነጠላ ጫማውን አወጣሁ። ለመሞከር ብላ ጣቶቿን ሰደደች፤ ከግማሽ በላይ አልገባም። ሳቀች። «አርባ አምስት በይኝ ለሚቀጥለው።» ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም አልኳት። «ሥራ ይበዛብሻል ብዬ ነዋ» አለች፤ ነቀፌታ አልነበረበትም፤ እንደ አውቶቡስ ሰዓት ነው የተናገረችው።

እማማ ሮኪያህ ሕፃኗን በትከሻቸው፣ ማማሰያውን በእጃቸው ይዘው ከማድ ቤት ብቅ አሉ። «ፋኢዛ ልጄ፣ ቁርስ በልተሻል?» ሆስፒታል እንሄዳለን አልኳቸው። ማማሰያውን አየት አደረጉት፤ ምን ላድርገው የሚሉ ይመስል። «አሥራ አንድ ቀን እኮ ነው የቀራት» አሉ። ለሆስፒታል መታወቂያዋና ሮዝ ቀለም ያለው የእርግዝና ደብተር ስለሚያስፈልግ ዊና ወደምትተኛበት ክፍል ገብቼ የሕፃኗን ልብስ መሳቢያ ሳብኩ። ደብተሩ ከላይ ነበር። ከሥሩ፣ በአጭር የሕፃን ሸሚዞች ተሸፍነው፣ የመርፌ ካርቶኖቹ ተደርድረዋል። ከሐኪም ቤት እንደወጡ ናቸው። የአንዱም ማሸጊያ አልተነካም።

አንዱን ካርቶን ይዤ ማድ ቤት ስገባ የምናገረውን አስቀድሜ አውቄው ነበር። መርፌው ከአሳማ አንጀት እንደሚሠራ የሚያወራ መልእክት በስልክ ሲዞር አይቻለሁ፤ የሰፈር ሴቶች ሁሉ ተቀባብለውታል። እማማ ሮኪያህ ደግሞ የብስኩት ካርቶን ላይ የተጻፈውን በማጉያ መነጽር አንብበው ነው ለልጅ የሚሰጡት። «ሐራም ነው ብለው ነው አይደል?» አልኳቸው። «ለእሷ ሳይነግሯት ነው ወይስ ነግረዋት? ልጅቷን ሊገድሏት ነው?» ሌላም ብዙ ተናገርኩ። አማት ስለመሆናቸው ተናገርኩ፤ እናት የሌላት ልጅ ስለማግኘታቸው ተናገርኩ። ድምፄ ሳሎን ድረስ እንደሚሰማ አውቅ ነበር፤ እንዲሰማም ፈልጌ ነበር።

ምድጃውን አጠፉ። ሕፃኗን በሌላው ትከሻቸው አዛወሯት። «መልእክቱን እኔም አይቼዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «በአሥራ አንደኛው ቀን መስጊድ ሄጄ ኡስታዙን ጠየቅኋቸው። ነፍስ የሚያሰጋ ሲሆን ይፈቀዳል፣ እምቢ ብሎ መሞት ነው የማይፈቀደው አሉኝ። ደግሞም ሆስፒታል ብንሄድ ከአሳማ ያልሆነው ሌላው ዓይነት አለ፣ መጠየቅ ነው ብላኛለች ስልክ ደውዬ የጠየቅኋት ነርስ። ይህን ሁሉ ለዊና ነግሬያታለሁ። ማታ ማታ መርፌውን ይዛ ክፍሏ ትገባለች፣ በሩን ትዘጋለች። እኔ መርፌ ሳይ ያዞረኛል፣ አልገባም። በሩ ላይ ሆኜ ቢስሚላህ በይ እላታለሁ። ጨረስኩ ትለኛለች።» ካርቶኑን ከእጄ ወስደው ማሸጊያውን በጥፍራቸው ዳሰሱት። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«እሳቸውን ተያቸው» አለች ዊና ከሳሎን። «እኔ ነኝ።»

ሄጄ ፊቷ ቆምኩ። ጣሪያውን ታያለች።

«ማጥለያው ይይዘዋል አልሽኝ እኮ። የሚያልፍ ነገር የለም አልሽ። ካላለፈ ታዲያ ምን አስጨነቀኝ? በየቀኑ ሆዴን በአሳማ ነገር ልወጋ? እያጠባሁ?»

«መርፌው የግድ ነው ብዬሻለሁ።»

«መቼ?»

«ያኔ። ልወጣ ስል።»

አሰበች፤ የምር ልታስታውስ ሞከረች። «ሰምቼ ይሆናል» አለች። «ሐኪሞች ሁልጊዜ መድኃኒት ይጨምራሉ፣ የራሳቸው ወግ ነው ብዬ ይሆናል። ያንቺን ነው የያዝኩት።»

እማማ ካልሶም ዘይታቸውን እየከደኑ ነበር። «እኔም ጠይቄ ነው የጀመርኩት» አሉ ማንንም ሳያዩ። «ደም የረጋበትን እግር አይነኩም፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ጠየቅኳት። ውስጤ ማጥለያ አለ፣ እህቴ አስረድታኛለች፣ ይይዘዋል አለችኝ። እህትሽ ተምራለች አይደል አልኩ፣ አሸሁ።»

ሕፃኗ በአፏ የእማማ ሮኪያህን አንገት ትፈልግ ነበር። ሆስፒታል ደወልኩ፤ ሁለቱም እግር ነው ወይ ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ፤ አሁኑኑ አምጧት አሉ። በስልኬ መኪና ጠራሁ፤ በሰባት ደቂቃ ይደርሳል አለኝ። ባለቤቷ ሃፊዙል በጭነት መኪናው ርቆ ጆሆር ሄዶ ነበር፤ ማታ እደርሳለሁ አለ፤ ጥያቄውን ሳይጨርስ ዘጋሁበት። የሆዷን ጨርቅ መፍታት ነበረብን። አሥራ አንድ ሜትር ነው፤ ከጎኗ በሃያ ቦታ ታጥፎ ተቆላልፏል። ቁረጡት አልኩ፤ መቀስ ፍለጋ ሄድኩ። መኪናው ደርሶ ሾፌሩ ይደውላል። ስመለስ ሁለቱ ሴቶች ዊናን በብብቷ ደግፈው አቁመዋታል፤ እማማ ሮኪያህ ቀስ ብለው ይፈቱታል፤ ጨርቁን ከዊና ዙሪያ እያዞሩ በእጃቸው ይጠቀልሉታል። መቀሱን ይዤ ቆምኩ። ወደ እኔ የዞረ የለም። የመጨረሻው ዙር ሲፈታ ዊና በረጅሙ ተነፈሰች፣ ሳምንታት ያልተነፈሰች ይመስል፤ ሆዷ ላይ የጨርቁ እጥፋት አንድ በአንድ ታትሟል።

ደጃፉ ላይ ስንደርስ እማማ ሮኪያህ ነፋስ እንዳይገባባት የዊናን ጆሮ በጥጥ ደፈኑላት፤ ሁለት ካልሲ ሊያለብሷት ሞክረው አልገባ ሲል ካልሲዎቹን ኪሳቸው ከተቱ። ሕፃኗ ከእማማ ካልሶም ጋር ቀረች። ሦስቱን ፎቅ ዊናን የጎረቤት ልጅ በሚያጠናበት የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠን፣ ሁለት ጎረቤቶች ተሸክመው አወረዷት። በእያንዳንዱ ደረጃ «አይዞሽ» ይሏታል፤ እሷ ደግሞ «ይቅርታ ከብጃለሁ» ትላቸዋለች።

ምርመራው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወሰደ። ዶክተር ኪርታና የምትባለው ሐኪም የእኔ ዕድሜ ናት። እኔንና እማማ ሮኪያህን ኮሪደሩ ላይ አቁማ፣ በአንድ ባዶ ፎርም ጀርባ ላይ በእስክርቢቶ ሣለችልን፤ ሁለት መስመር ከታች፣ አንድ ወፍራም መስመር ወደ ላይ፣ መካከል ላይ ደግሞ እንደ ጃንጥላ አጥንት የተዘረጋ ነገር። ከጃንጥላው በታች ያለውን በሙሉ አጠቆረችው። «ከእግሯ የተነሳውን ይዞታል» አለች። «ግን መርፌ ስላልነበረ የያዘው ላይ ደም እየረጋበት ሄደ። እሽቱም፣ ሆዷ መታሰሩም፣ ውሃ አለመጠጣቷም አልረዷትም። አሁን ሞልቷል፤ ከታች የሚወጣ ደም የለም ማለት ነው፤ እግሮቿ ለዚህ ነው። እሱ ግን ዛሬ የሚያስፈራኝ አይደለም።» ከጃንጥላው በላይ፣ ወደ ልብ በሚሄደው በኩል፣ አንዲት አጭር ወፍራም ጭረት አደረገች። «ከማጥለያው አልፎ እዚህ አድጓል። ጣት ያህላል። የተንጠለጠለ ነው።»

«እሱን የሚይዘው ምንድን ነው?» አሉ እማማ ሮኪያህ።

«ምንም» አለች ዶክተሯ። «ከማጥለያው በላይ ማጥለያ የለም።»

ማጥለያው አሁን አይወጣም፤ ምናልባት ጨርሶ አይወጣም አለች። በደም ሥሯ በኩል ደም የሚያቀጥነውን ጀምረውላታል፤ ከአሳማ ያልሆነውን ነው፤ እዚሁ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ያመጡት በአሥር ደቂቃ ነው። የሚያሟሟውን ከባድ መድኃኒት ይስጧት አይስጧት ከትልቁ ሐኪም ጋር እየተነጋገሩ ነው፤ ኦፕራሲዮን ከሆነች ብዙ ስላልቆየች ከጭንቅላቷም ከማህፀኗም ሊደማ ይችላል። ዛሬ ማታና ነገ ይወስናሉ አለች። ከዚያ ወደ ደብተሩ ዞራ፣ «ማጥለያው ካለ መርፌ አያስፈልግም ያላት ማን ነው? መጻፍ አለብኝ» አለች።

እማማ ሮኪያህ አጠገቤ ነበሩ። የተጠቀለለውን ጨርቅ እስካሁን ይዘውታል። ለመናገር ጊዜ ሰጡኝ።

«ቤተሰብ» አልኩ።

ዶክተሯ ቤተሰብ ብላ ጻፈች። «ከቤተሰቡ እርስዎ በደንብ የሚያስረዱ ይመስለኛል» አለችኝ። «ገብተው ይንገሯት። አትንቀሳቀስ፤ ለሽንትም እንዳትነሳ። ትንፋሽ ቢያጥራት፣ ደረቷን ቢወጋት፣ ወዲያው ትጥራን። ለምን እንደሆነ ካልገባት ትነሳለች። እኔም እመለሳለሁ።» ስልኳ ጠራ፤ ሄደች።

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር። ማቀዝቀዣው በቀጥታ አልጋዋ ላይ ይነፍሳል፤ ከሠላሳ ሦስት ቀን በኋላ። እማማ ሮኪያህ ሹራባቸውን አውልቀው እግሯ ላይ ጣሉላት፤ ከእግሮቿ አንዱን እንኳ በሙሉ አልሸፈነም። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የእናታችንን ጨርቅ ጭናቸው ላይ አደረጉና ጠርዙን ማስተካከል ጀመሩ፤ ይፈቱታል፣ እንደገና ይጠቀልሉታል። ዊና ጡቷ ሞልቶ የለበሰችው የሆስፒታል ቀሚስ በሁለት ቦታ ረጥቧል። «ሕፃኗ ይርባታል» አለች። ከዚያ ወደ እኔ አየች። «ምን አሉ?»

ሊባል የሚገባው ሁሉ ራሴ ውስጥ በተራ በተራ ነበር። ረጅም ነው። ቁጭ ብሎ ይነገራል፤ እጇን ይዞ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ከሚለው ጀምሮ። አልጋው አጠገብ ሌላ ወንበር ነበር። አልተቀመጥኩም።

«አትንቀሳቀሺ ብለዋል» አልኩ። «ለሽንትም አትነሺ። ትንፋሽ ካጠረሽ ጥሪ።»

«ለምን?»

«እንዲሁ ነው። ለጥንቃቄ።»

ፊቴን ትመረምረው ነበር፤ ትንሽ ሆና ከትምህርት ቤት ውጤቷን ይዤላት ስመጣ እንደምትመረምረው። ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ሳላስበው እቆጥር ነበር። «ማጥለያው ግን ይዞታል አይደል?» አለች።

የእማማ ሮኪያህ እጆች ጨርቁ ላይ ቆሙ። ሥዕሉን አብረን ነው ያየነው። ቀና አላሉም።

«ይዞታል» አልኩ።

«እንዳልሽኝ?»

«እንዳልኩሽ።»

ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ላላ፤ ግማሽ ፈገግታ ነበር። ቦርሳዬን ከወንበሩ ላይ አነሳሁ፤ ውሃ ልግዛ አልኩ፤ ማንም ውሃ አልጠየቀኝም። በሩ ጋ ስደርስ ዘወር አልኩ፤ ምናልባት አሁን እናገር ይሆናል ብዬ። እማማ ሮኪያህ ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ» አሉ፣ «በሩን ዝጊው። ነፋስ ይገባባታል።»

ወጣሁና ዘጋሁት።